የእናቴ ድድ ንቅሳት አለበት፤ ሌዘር ይሆናታል? ከሆነስ የትኛው?

ማሩ ሜሪላንድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። እናቴ ከጎንደር ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ዕድሜዋ 67፣ ስኳር አለባት። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጥርሷን ስትቦርሽ ደም ይወጣታል፤ የታችኛው የፊት ጥርሶቿም መነቃነቅ ጀምረዋል። ባለፈው ሳምንት የድድ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ረዳቷ ልጅ በቀጭን ዘንግ በጥርስና በድድ መካከል ያለውን ጥልቀት ጥርስ በጥርስ በሚሊሜትር እየለካች ቁጥር ትጠራ ነበር፦ ሦስት፣ አራት፣ አራት፣ አምስት... ሰባት ስትል እማዬ እጄን ያዘችኝ። እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ግን የልጅቷ ድምፅ ዝቅ ማለቱን ሰማች።

ሐኪሙ ሁለት አማራጭ ሰጠን። አንዱ ዲፕ ክሊኒንግ የሚሉት ነው፤ ድዱን አደንዝዞ ከሥር ያለውን ድንጋይ መጥረግ። ሌላው በሌዘር። «ቢላ የለ፣ ስፌት የለ፣ አጥንቱም መልሶ ይበቅላል» አለን። ዋጋው ግን የመጀመሪያው አምስት እጥፍ ገደማ ነው፣ ኢንሹራንሷም አይከፍልም። ቤት ገብቼ ሳነብ ጭራሽ ግራ ገባኝ። አንዱ ኤንዲ ያግ ይላል፣ አንዱ ኤርቢየም፣ አንዱ ዳዮድ። ሁሉም «የእኔ ይበልጣል» ነው።

ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። እማዬ የላይኛው ድዷን ልጅ ሳለች ተነቅሳለች፣ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ሐኪሙ አየት አደረገና ምንም አላለም። ጥቁር ነገር ሌዘር ይስባል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ተጠራጣሪው፦

«አጥንቱ መልሶ ይበቅላል» የሚል ሰው ሲገጥምህ መጀመሪያ ቦርሳህን ያዝ፣ ከዚያ ጠይቅ። እናትህን እግዜር ይማርልህ።

ዶክተር ኪስ፦

ማሩ፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። (ለአዲስ ገቢዎች፦ ስሜ እንዲህ የሆነው በጥርስና በድድ መካከል ያለውን ኪስ ስለምለካ እንጂ የሰው ኪስ ስለማራግፍ አይደለም። ቀልዱ ያረጀ መሆኑን አውቃለሁ።)

የሰማኸው እውነት ነው፤ ግን ለሁሉም ሌዘር አይደለም። እያንዳንዱ ሌዘር የራሱ የሞገድ ርዝመት አለው፤ ሙቀቱ የት ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው እሱ ነው።

ኤንዲ ያግ 1064 ናኖሜትር ነው። ውሃን ብዙም ሳይነካ ያልፈዋል፤ የሚወደው ጥቁር ቀለምና ደም ነው። ስለዚህ ድድ ውስጥ ሚሊሜትሮች ያህል ዘልቆ ይገባል። ዳዮዶቹም (810፣ 940፣ 980 የሚባሉት) ጠባያቸው ወደዚያው ነው። ኤርቢየም ያግ ግን 2940 ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ብርሃኑን ውሃ ጥርግ አድርጎ ይውጠዋል። ድድም አጥንትም ጥርስም ውስጣቸው ውሃ አለ። ስለዚህ ኤርቢየም ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ጥልቀት ያለውን ውሃ በቅጽበት አፍልቶ ላዩን ይፈነቅለዋል፣ ወደ ውስጥ ብዙም አይዘልቅም። ድዱ ቢጠቁርም ቢቀላም ለእሱ ያው ነው ማለት ይቻላል። ኤርቢየም ክሮሚየም የሚባለው ወንድሙ 2780 ላይ ነው፤ ጠባዩ ይቀራረባል። የድሮው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር፣ 10,600ው፣ ለስላሳ ሥጋ ሲቆርጥ ግሩም ነው፤ ጥርስና አጥንት ላይ ካረፈ ግን ያሳርራል።

አሁን ወደ እናትህ። ንቅሳቱ በጥላሸት ከተሠራ ካርቦን ነው፤ ካርቦን 1064ን ሲያገኝ እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው የሚቀበለው። ሐኪሙ ለቀላ ድድ የለመደውን ቁጥር ሳይቀንስ ከተጠቀመ ያቃጥላታል። ንቅሳት ባይኖራቸው እንኳ የብዙዎቻችን ድድ በተፈጥሮው ሜላኒን (ጥቁር ቀለም) ስላለው ኃይሉ ዝቅ ማለት አለበት። «አየት አደረገና ምንም አላለም» ያልከው ነው ያልተመቸኝ።

ከሌዘር ውጪ አንድ ነገር ልጨምር። የተነቀሰ ድድ መቅላቱን ይደብቃል። በሽታው ሌላው ሰው ላይ ቀልቶ ሲታይ እናትህ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በዓይኑ ብቻ አይቶ «የላይኛው ደህና ነው» የሚልህን አትስማው፤ ዘንጉ ሲገባ ይደማል ወይስ አይደማም፣ ወሬው እሱ ነው።

ሽቦና መብራት፦

ዶክተር የሞገዱን ጉዳይ ጨርሰውታል። እኔ ስለ ፐልሱ፣ ብርሃኑ ብልጭ ብሎ ስለሚለቀቅበት ቅጽበት፣ ልጨምር። የሕክምና መሣሪያ ጥገና ላይ ነው የምሠራው፣ አዲስ አበባ። ማሽን ሊገዛ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ጎዶሎ ነው።

ኤንዲ ያጉን በ150 ሚሊጁል (የአንዱ ብልጭታ ኃይል ነው)፣ በሰከንድ 20 ጊዜ ሙሉት እንበል። ስክሪኑ 3 ዋት ይላል። 3 ዋት የእጅ ባትሪ ነው፣ ማንንም አያስፈራም። ግን ያ 150 ሚሊጁል የሚለቀቀው በ100 ማይክሮ ሰከንድ (ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ናት) ውስጥ ነው። አካፍሉት፦ 1500 ዋት! ሃያውን ብልጭታ ብትደምሩት ደግሞ ሰከንዱን ሺህ ቦታ ብትከፍሉት በሁለቱ ብቻ ነው የሚበራው። የቀረው እረፍት ነው፣ በእረፍቱ ሥጋው ይበርዳል። ጧፍ ላይ ጣታችሁን ሽው አድርጋችሁ ብታሳልፉት አይለበልባችሁም፤ ብታቆሙት ግን ታውቁታላችሁ።

ያንኑ 150 ሚሊጁል በ650 ማይክሮ ሰከንድ ዘርጉት። ጉልበቱ ወደ 230 ዋት ይወርዳል። ስክሪኑ ላይ አሁንም 3 ዋት ነው! ሥጋው ላይ ግን ሥራው ሌላ ነው፤ አጭሩ ፐልስ ይልጣል፣ ረጅሙ ያሞቃል፣ ደም ያረጋል። እንግዲህ «በ3 ዋት ነው የሠራሁት» ያላችሁ ሐኪም ግማሹን ነው የነገራችሁ።

ዳዮድ ላይ ደግሞ «ፐልስ» የሚል ቁልፍ ታያላችሁ። አብዛኛው ማብሪያ ማጥፊያን ቶሎ ቶሎ እንደመነካካት ነው። 2 ዋት ከሆነ ሲበራም ያው 2 ዋት ነው፣ ወደ ሺህ የሚወጣ ነገር የለም። ጫፉን ቡሽ ላይ ነክተው ያጠቁሩታል፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው የሚቆርጠው የጋለው ጫፍ ነው፣ እንደ ጋለ ወስፌ። ዳዮድ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ርካሽ ነው፣ ትንሽ ነው፣ በባትሪ የሚሠራም አለ፤ መብራት ሲሄድ አይደነግጥም። ኤርቢየሙ ፍላሽ ላምፕና የውሃ ማቀዝቀዣ በሆዱ የያዘ፣ ጎማ ያለው ሣጥን ነው። መብራት ሲዋዥቅ ይታመማል፣ ሲታመም ደግሞ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ቁጭ ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ክሊኒክ (ስሙ ይቆየን) «ኤንዲ ያጉ ደከመብን» ብለው ጠሩኝ። ማሽኑን ለካሁት፣ ምንም አልሆነም። ፋይበሩን ሳየው ግን ያቺ 300 ማይክሮን የመስታወት ክር ጫፏ ተፈረካክሷል፣ ደም ደርቆባት ጠቁራለች። እነሱ ደግሞ «አልቆርጥ አለ» እያሉ ቁጥሩን ሲጨምሩ ከርመዋል። በመቁረጫው ጫር አድርጌ ቀጨሁትና ቀዩን መሪ ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ አበራሁት። እንደ ጅራታም ኮከብ አንድ ጎኑ ተጎትቶ ታየ፤ ቆረጣው አልተስተካከለም ማለት ነው። ደገምኩት። አሁን ክብ፣ ጠርዙ ጥርት ያለ። ከዚያ ስክሪኑን አየሁና ቀዝቃዛ ላብ ላበኝ፤ የጨመሩት ቁጥር እንዳለ ነው። ያንን በአዲሱ ጫፍ ሰው ላይ ቢለቁት ኖሮ... አጥንት 47 ዲግሪ ላይ አንድ ደቂቃ ከቆየ እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1983 በጥንቸል ላይ ታይቷል። 47 ዲግሪ እኮ የፈላ ውሃ አይደለም፣ ትኩስ ብቻ ነው።

ማሩ ሜሪላንድ፦

እንዲህ የገባኝ ጊዜ የለም፣ ተባረኩ። ክሊኒኩ ደወልኩ። ማሽኑ ፔሪዮሌዝ ነው፣ ኤንዲ ያግ። «ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) አጥንት እንደሚያበቅል ያጸደቀው ብቸኛው ነው» አለችኝ ስልኩን ያነሳችው ልጅ። ፐልሱ ስንት ማይክሮ ሰከንድ ነው ስላት ዝም አለች፣ ከዚያ «እሱን ዶክተሩ ነው የሚያውቀው» አለች። እንደ ጉረኛ ሳልታይ አልቀረሁም።

የሀይፋዋ፦

እኔ የድድ ጽዳት ባለሙያ ነኝ፣ እስራኤል። ከጎንደር የመጡ፣ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ወንበሬ ላይ በየጊዜው ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ ጉዳዩ ቤቴ ነው። እኛ ጋ ያለው ኤርቢየም ነው። ድምፁ ፈንዲሻ ድስት ውስጥ ሲፈነዳ ነው የሚመስለው፣ ጠጠጠ... ውሃ እየረጨ ስለሚሠራ ሙቀቱን ያጥበዋል። ከሥር ላይ ድንጋይ ያነሳል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኤንዲ ያግ ድንጋይ አያነሳም፤ ይህን የሌዘር ማስታወቂያ ላይ ጮክ ብሎ የሚናገረው የለም። ማሩ የነገሩህ የኤንዲ ያግ ሕክምና ውስጥም ድንጋዩን የሚያነሳው ያው ስኬለሩ (መጥረጊያው መሣሪያ) ነው፣ በዲፕ ክሊኒንግ የሚጠቀሙበት ራሱ። ሌዘሩ ከዚያ በፊትና በኋላ ነው የሚገባው።

የኤርቢየም ድካሙ ደግሞ ደም ማቆም ላይ ነው። ላዩን ስለሚልጥ ከሥር ያለውን ደም ስር አይዘጋውም። እናትህ ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ? የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትነግር እንዳትሄድ፤ በራሳችሁም እንዳታቋርጡት።

ማሩ ሜሪላንድ፦

አትወስድም። የስኳርና የግፊት ብቻ ነው። አመሰግናለሁ እህቴ።

ተጠራጣሪው፦

መጀመሪያ አሹፌ ነበር፣ አሁን በቁም ነገር ልጻፍ።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የአውሮፓ የፔሪዮዶንቶሎጂ ፌዴሬሽን መመሪያ ከሥር ጽዳት ጋር ሌዘር መደረቡን አይመክርም። «አትጠቀሙ እንላለን» ነው ያለው፣ ለስላሳ ቢሆንም። የአሜሪካው የፔሪዮዶንቶሎጂ አካዳሚም በ2018 ማስረጃውን ሰብስቦ አይቶ፣ ሌዘር በጽዳቱ ላይ ቢጨመር የሚያስገኘው ትርፍ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው ብሏል። ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ! ዘንጉ ራሱ በሁለት ሰው እጅ ሲለካ የአንድ ሚሊሜትር ልዩነት ያመጣል። ለዚያ አምስት እጥፍ?

«ኤፍዲኤ አጸደቀው» የሚለውም ሰው ያሳስታል። እንዲህ ያለ ማሽን ገበያ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል ተብሎ ነው በአብዛኛው የሚፈቀደው። መፈቀዱ ከሌላው ይበልጣል ማለት አይደለም።

ዶክተር ኪስ፦

ተጠራጣሪው ብዙውን ልክ ነህ፣ አንድ ቦታ ላይ ግን አልስማማም።

የኤንዲ ያግ ሰዎች ከሜዳ ተነስተው አይደለም የሚናገሩት። እ.ኤ.አ. በ2007 ዩክና የተባሉ አሜሪካዊ ባለሙያና ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አወጡ። ስድስት ጥንድ ጥርስ፤ ከየጥንዱ አንዱ በዚያ በፔሪዮሌዝ የሌዘር ሥርዓት፣ ሌላው ያለ ሌዘር ጸዳ። ከሦስት ወር በኋላ ጥርሶቹን ከነዙሪያቸው አውጥተው በማይክሮስኮፕ አዩ። ሌዘር የነካቸው ስድስቱም ላይ አዲስ ሲሜንተም (የጥርስን ሥር የሚለብሰው ጠንካራ ሽፋን) እና አዲስ ማያያዣ ሥጋ ነበር፤ ካልነካቸው ስድስት መካከል ግን አምስቱ ላይ አልነበረም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በበሽታ የተላቀቀ ድድ ብዙውን ጊዜ ሲድን ላዩን ይለጠፋል እንጂ በማያያዣ ሥጋ ከጥርሱ ጋር አይተሳሰርም። ኤፍዲኤም ለዚሁ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2004፣ የማያያዣውን ዳግም መፈጠር በሚመለከት ደግሞ በ2016 ፈቃድ ሰጥቷል። ግን ስድስት ጥንድ ስድስት ጥንድ ነው። «ሊሆን ይችላል» ያሰኛል፣ «ለእናትህ ይሆናል» አያሰኝም። ሐኪሙ «አጥንቱ መልሶ ይበቅላል» ብሎ እንደ ቃል ኪዳን መናገሩ ነው ጥፋቱ።

የአውሮፓው መመሪያ ላይ ያለኝ ቅሬታ ይኸው ነው፦ ሌዘር ብሎ የሚደምራቸው ጥናቶች ውስጥ በ2 ዋት ዳዮድ የተሠራው፣ በአጭር ፐልስ ኤንዲ ያግ የተሠራው፣ በኤርቢየም የተሠራው አሉ። አንድ ላይ ሲፈጩ አማካዩ ዜሮ አካባቢ ቢመጣ አይገርምም። በርበሬን፣ እርድንና ዝንጅብልን ቀላቅለህ «ቅመም አያቃጥልም» እንደማለት ነው። የአንዱ ጥናት ፐልስ ከሌላው አይመሳሰልም፤ አንዳንዱማ ጭራሽ አይጽፈውም።

ተጠራጣሪው፦

ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ግን ክርክሩን ለእኔ ነው የሚያግዘው። የማይወዳደሩ ከሆኑ የትኛው እንደሚሠራ ማንም አያውቅም ማለት ነው፤ ማንም ያላወቀውን ደግሞ የማሩ እናት በአምስት እጥፍ አይገዙም።

ዶክተር ኪስ፦

እዚህ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ።

ጫላ ፍራንክፈርት፦

ይቅርታ ክሩን ላቋርጥ። እኔ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ በታይታኒየም ብረት የተተከለ ጥርስ) አለኝ፣ ዙሪያው ድዱ ቆጥቷል። ኤንዲ ያግ ይሠራልኛል?

የሀይፋዋ፦

ጫላ ወንድሜ፣ የኤንዲ ያግ ጨረር በቀጥታ ታይታኒየም ላይ አያርፍም፤ ብረቱን ሊያቀልጠውና ሊያግለው ይችላል። ሙቀቱም ወደ አጥንቱ ይወርዳል። ሌዘር ከሆነ ኤርቢየም፣ በብዙ ውሃ፣ በዝቅተኛ ኃይል። ሐኪምህ ኤንዲ ያግ አወጣለሁ ካለህ ለምን ብለህ ጠይቀው፣ ቁጭ ብለህ።

ሰናይት ዱባይ፦

እኔ የምፈልገው ግልባጩን ነው። የእኔም ድድ ተነቅሷል፣ ሥራዬ ሰው ፊት ነው፣ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። ሌዘር ጥቁር ይስባል ካላችሁ ንቅሳቱን አያጠፋውም?

ዶክተር ኪስ፦

ሰናይት፣ የተፈጥሮ ጥቁረትና ንቅሳት አንድ ቦታ ላይ አይደሉም። ሜላኒኑ የድዱ ሽፋን ሥር ነው ያለው፤ ሽፋኑን በኤርቢየም ስስ አድርጎ ቢልጡት ይወጣል (አንዳንዱ ከጊዜ በኋላ ይመለሳል)። የንቅሳቱ ጥላሸት ግን ከሽፋኑ አልፎ ሥጋው ውስጥ ነው የተቀበረው። እሱን የሚሰባብረው ቆዳ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት፣ ፐልሱ ናኖ ሰከንድ የሆነው ኤንዲ ያግ ነው። ያው 1064 ነው፣ ግን ከጥርስ ክሊኒኩ ማሽን ፐልሱ ሺህ እጥፍና ከዚያ በላይ ያጥራል። ስሙ አንድ ስለሆነ ሥራው አንድ አይደለም። የጥርስ ክሊኒክ ማሽን ይዞ «ንቅሳት አጠፋልሻለሁ» የሚልሽ ካለ ድድሽን ያቃጥለዋል፤ ድዱ ሸሽቶ የጥርስሽ ሥር ይገለጣል።

ወለተ ጎንደር፦

ሰናይትዬ፣ የአንቺ ነገር የራስሽ ነው፣ አልፈርድብሽም። እኔ ግን ስነቀስ የነበረውን አልረሳውም። ድዴን በእሾህ ወግተው፣ በጥላሸት አሽተው፣ ሦስት ቀን እህል ሳልቀምስ ከረምኩ። «ድድ ያጠነክራል፣ ጥርስ ያስውባል» ብለው ነው። ድዱን ማጠንከሩን እንጃ፤ ሳቄን ግን እስከ ዛሬ አልሸፈንኩትም።

ሽቦና መብራት፦

እትዬ ወለተ አፌን አስያዙኝ :)

ማሩ፣ አንድ ነገር እንዳትረሳ፤ የእማማ መነጽር። የኤንዲ ያግ ጨረር አይታይም፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን እስከ ሬቲና ይዘልቃል፣ የተቃጠለ ሬቲና አይመለስም። ኤርቢየምና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የዓይኑ ላይ ያለውን መስታወት መሰሉን ክፍል ነው የሚያቃጥሉት። ስለዚህ የአንዱ መነጽር ለሌላው አይሆንም። መነጽሩ ጎን ላይ 1064 የሚል ቁጥር መኖር አለበት። የሚሰጧት ተራ ጥቁር መነጽር ከሆነ ተነሡና ውጡ። አንተም አብረህ ክፍሉ ውስጥ ከሆንክ አድርግ።

ዶክተር ኪስ፦

ማሩ፣ እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። መጀመሪያ ተራው ጽዳት ይሠራላቸው፣ በደንብ፣ በማደንዘዣ፣ አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ሁለት ቀን ቢወስድም። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ እንደገና ይለካ። በዚያ ብቻ የሚድነው ኪስ ብዛቱ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው፤ ያልዳነችው ጥቂት ቦታ ላይ ነው ስለ ቀዶ ጥገናም ስለ ሌዘርም የሚወራው። ያኔ የሞገዱን ርዝመት፣ የፐልሱን ርዝመትና ሚሊጁሉን ጠይቅ፤ የተነቀሰው ቦታ ላይ በምን ያህል እንደሚቀንስ አስረዳኝ በለው። የማይመልስ ከሆነ ማሽኑን የሚያውቀው ሻጩ ነው እንጂ እሱ አይደለም።

ስኳራቸውንም አትርሳ። ድዱ ሲታከም ከሦስት አራት ወር በኋላ ኤ-ዋን-ሲው (የወራቱን የስኳር አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ) በአማካይ ወደ 0.4 ነጥብ ገደማ እንደሚወርድ በብዙ ጥናት ታይቷል። ያ የሚመጣው ከጽዳቱ ነው፣ ሌዘር ይኑርም አይኑርም።

ማሩ ሜሪላንድ፦

እሺ ዶክተር። ውጤቱን እጽፋለሁ።

(ከአራት ወር በኋላ)

ማሩ ሜሪላንድ፦

እንደተመከርኩት ሌላ ሐኪም ጋ ሄድን። ሴት ነች፣ ማሽኗ ሁለቱንም የያዘ ነው፣ ኤርቢየምም ኤንዲ ያግም። የእማዬን ከንፈር ገና ገለጥ እንዳደረገች «ይሄ ምንድን ነው? ማን ሠራልሽ?» ብላ ጠየቀቻት፣ እኔ አስተረጎምኩ። እማዬ «አክስቴ» አለች። ሐኪሟ ፈቃድ ጠይቃ ፎቶ አነሳች። ከዚያ እኔ ሳልጠይቃት «እዚህ ላይ 1064ውን አልጠቀምም» አለችኝ። ወረቀት አውጥታ ቁጥሮቹን ጻፈችልኝ፤ ከዚህ ክር ባልማር ኖሮ አይገባኝም ነበር።

ሌዘር ግን አልሠራችም። በሁለት ቀጠሮ ጽዳቱ ብቻ። ትናንት ለሦስተኛ ጊዜ ሄደን ተለካች። የላይኛው ሁሉም አራትና ከዚያ በታች ሆኗል፣ ደሙም ቆሟል። ታች ያቺ ሰባቷ ወደ ስድስት ወርዳለች፣ አልዘጋችም። አንዲት ጥርስ ናት፣ ንቅሳቱ የሌለበት ቦታ። ለእሷ ትንሽ ቀዶ ጥገና ወይም ሌዘር እናስብ ይሆናል፣ አሁን ግን ሦስት ወር እንቆይ አለች። ኤ-ዋን-ሲዋ ከ8.1 ወደ 7.6 ወርዷል፤ መድኃኒቷም ስለተስተካከለ ስንቱ የድዱ እንደሆነ አላውቅም።

እማዬ እንግሊዝኛውን ከልኬቱ ተምራዋለች። ረዳቷ እየለካች «ቱ፣ ስሪ፣ ስሪ» ስትል አብራት ትጠራለች። «ሲክስ» ያለች ጊዜ «ኧረ ተይ፣ ደግመሽ ለኪው» አለቻት፣ በአማርኛ። ልጅቷ ቃሉ ባይገባትም ደግማ ለካችው። ሲክስ ነው።